ተማኙና የወዳጁ ከበሮ

አንድ ስሙ በአገር የተጠራ ተማኝ ነበር። አንለይ ይባላል። በሚኖርበት የገበያ ከተማ በቅሎ ሲሸጥ፣ ጌጥ ሲለወጥ፣ ወንድማማቾች የአባታቸውን ቤትና ከብት ሲካፈሉ ሰው ሁሉ «አንለይ ይምጣ» ይላል። እሱም ይመጣል፤ ዕቃውን ያገላብጣል፣ ከብቱን ዞሮ ያያል፣ ከዚያ ዋጋውን ይናገራል። ከተናገረ በኋላ ክርክር የለም። ሻጭና ገዢ አሜን ብለው ይለያያሉ። ጎራዴ ሊማዘዙ የደረሱ ወንድማማቾች እንኳ እሱ ዋጋ ከሰጠ በኋላ ተቃቅፈው ሲወጡ ታይተዋል።

አንለይ አንድ የልጅነት ወዳጅ ነበረው፤ ከበሮ ሠሪው ደምለው። ሁለቱ በጉርምስናቸው ከአንድ ሽማግሌ ዘንድ ከበሮ መሥራት አብረው ተምረዋል። የአንለይ እጅ ግን አልታዘዝ አለው። የፈለፈለው ግንድ ይሰነጠቃል፣ የወጠረው ቆዳ ይረግባል። ዐይኑ ግን ስል ነበር፤ የሌላው ሰው ሥራ የቱ ጋ እንዳማረ፣ የቱ ጋ እንደተበላሸ ከሩቅ ያውቃል። ሽማግሌው ይህን አይተው፣ እጁ ካልሆነለት በዐይኑ እንጀራውን እንዲበላ መከሩት። ምክራቸውን ሰማ፤ ተማኝ ሆነ፤ ተከበረም። ደምለው እዚያው እንጨቱና ቆዳው መሐል ቀረ።

ወዳጅነታቸው ግን አልላላም። ደምለው አንድ ከበሮ በጨረሰ ቁጥር ከማንም በፊት የሚያሰማው ለአንለይ ነው። አንለይ «ጥሩ ነው» ካለ ጥሩ ነው፤ «ትንሽ ይቀረዋል» ካለ ደምለው ጠፍሩን ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ከዚህ ሌላ መለኪያ አልነበረውም፤ አልፈለገምም።

ቅናት አንለይን የያዘው በአንድ ቀን አይደለም። ምስጥ ምሰሶ ውስጥ እንደሚገባ ነው የገባበት፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ። ሁለቱ ወዳጆች በመንገድ ሲያልፉ አሮጊቶች ደምለውን እያዩ «እጅህ ይባረክ» ይላሉ። አንለይን ደግሞ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ይነሡታል። ክብር አልጎደለበትም። ነገር ግን አንድም ሰው «ዐይንህ ይባረክ» ብሎት አያውቅም። እንዲህ ያለ ምርቃት በአገሩም አልነበረ። መጀመሪያ ሲያስበው ሳቀ፤ ቆይቶ ግን መሳቁን ተወ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ትጓደድ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስትፈትል፣ ደምለው የሚሞክረው ከበሮ ድምፅ ከመንደሩ ማዶ መጣ። እጇ እንዝርቱ ላይ ቆመ። ድምፁ እስኪያልፍ ድረስ ዐይኗን ከሩቁ ኮረብታ አላነሣችም። አንለይ ከጓዳ ቆሞ ያያት ነበር። ያን ቀን ራት አልበላም። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ሆዴን አሞኛል አላት። አልዋሸም፤ ሆድ በብዙ ነገር ይታመማል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ አልለቀቀውም። ገበያ መሐል ቆሞ በቅሎ እየተመነ ልቡ ሌላ ነገር ያሰላል። «እኔ ዛሬ የሰጠሁት ዋጋ እስከ ነገ ይረሳል፤ በቅሎዋም ትሞታለች። የዚህ ሰው ከበሮ ግን እኔም እሱም ካለፍን በኋላ የልጅ ልጆቻችን ይዘምሩበታል» ይላል ለራሱ። ወዳጁን መጥላት አልፈለገም። ደምለው ሲታመም ከጎኑ የሚቀመጥ፣ እህሉ ሲያልቅ ጎተራውን የሚከፍትለት እሱ ነው። ወዳጁ ቢቸገር አብሮት ያዝናል፤ ወዳጁ ሲመሰገን ነው የሚከፋው። ይህን ለማንም ሊናገር አልቻለም። ለራሱም ቢሆን በሙሉ ቃል አልተናገረውም።

በዚህ መሐል የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን አሮጌ ከበሮ ተሰነጠቀ። ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት አባት፣ አዲስ ከበሮ እንዲሠራ ደምለውን አዘዙ። ደምለው እንዲህ ያለ ሥራ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ ነበር። ወንዝ ዳር የወደቀ ትልቅ ዋንዛ አገኘ፤ ግንዱን ጥላ ሥር አኑሮ ፀሐይና ነፋስ እየተፈራረቁ እስኪያደርቁት ታገሠ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ፈለፈለው። ቆዳውን ራሱ መረጠ፣ ራሱ ፋቀ። ሌላ ሥራ ሁሉ ተወ። ቤቱ ውስጥ ጎደሎ በዛ፤ ሚስቱ ብታማርርም መጨረሻው ላይ ዝም አለች፤ ምክንያቱም ባሏን እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም ነበር።

ከበሮው ሲያልቅ በእሑድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መጣ። ሽማግሌዎችና ምእመናን ከበቡት። ዋጋው ከሕዝብ መዋጮ የሚከፈል ስለሆነ ገበዙ ቀድመው ተማኙን አስጠርተው ነበር። ከመዘምራኑ አንዱ ከበሮውን አንገቱ ላይ አጥልቆ ሰፊውን ፊቱን በመዳፉ መታው፣ ከዚያም ጠባቡን። ድምፁ ከግቢው ዛፎች አልፎ ወጣ። ዋርካው ሥር የተቀመጡ የኔ ቢጤዎች ቀና አሉ። ገበዙ ሌላ ነገር ሳይናገሩ «እጅህ ይባረክ» አሉት ደምለውን።

ከዚያ ሁሉም ወደ አንለይ ዞሩ።

አንለይ ወደ ከበሮው ቀረበ። ጠፍሩን በጣቱ ተከተለ፤ አንድም የተዛነፈ አጣ። ቆዳውን አንኳኳ፣ ጆሮውን ለግንዱ ሰጠ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ከበሮ ሰምቶ አያውቅም፤ ይህን በእርግጥ አወቀ። በወጣትነቱ ሊሠራው ሲመኝ የኖረውም ይህንኑ ነበር። ቀና ሲል ደምለውን አየው። ደምለው እንደ ወትሮው ዐይን ዐይኑን እያየ ይጠብቃል፤ ገበዙ የመረቁትን ምርቃት እንኳ ገና አልተቀበለም፤ የወዳጁን ቃል እስኪሰማ አቆይቶታል። ያን ጊዜ አንለይ ውስጥ ያ ሁሉ ዘመን የተከማቸው ነገር ከአፉ ቀድሞ ተናገረ።

«ወዳጄ ስለሆነ እውነቱን ባልደብቀው ይሻላል» አለ በሐዘን ድምፅ። «ድምፁ የታፈነ ነው። ግንዱ በደንብ ሳይደርቅ የተፈለፈለ ይመስለኛል። ላዩ ያምራል። ግን ከአንድ ጠቦት የበለጠ አያወጣም።»

ከበሮው አንድ ጥሩ ወይፈን የሚያወጣ ነበር።

ቅድም ሲደነቁ የነበሩት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። መዘምሩ ከበሮውን እንደገና መታው፤ አሁን ግን ሁሉም የታፈነ ነገር እየፈለጉ ስለሰሙ አገኙት። ጆሮ እንደ በግ ነው፤ ፊተኛው በገባበት በር ይገባል። አንዱ ሽማግሌ እኔም የሆነ ነገር ጠርጥሬ ነበር አሉ። ገበዙ አንገታቸውን ደፍተው፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚገባው የተሟላ ነገር እንደሆነ፣ ከሌላ አገር ማስመጣት እንደሚሻል ተናገሩ። ደምለው አልተከራከረም። ከበሮውን ተሸክሞ ሲወጣ አንለይ አጠገብ ሲደርስ ቆም አለ።

«ሌላ ሰው ቢሆን ይደልለኝ ነበር» አለው። «አንተ ስለሆንክ አመሰግናለሁ።»

ከበሮውን ለአንድ አላፊ የጨው ነጋዴ በጠቦት ሰጠው። ከዚያ መጥረቢያውን፣ መሮውንና መፋቂያውን ጠቅልሎ ጣራው ሥር ሰቀላቸው። ጆሮው እንደዚያ ካታለለው ከበሮ መሥራት ለሱ እንዳልተሰጠ ለሚስቱ ነገራት። እሷም ሌሎች ሰዎችም ሊያስረዱት ሞከሩ፤ አልሆነም። የሰው መሬት በእኩል ማረስ ጀመረ። እርሻ አያውቅም ነበርና ምርቱ አነስተኛ ሆነ፤ ልጆቹም እየከሱ ሄዱ።

አንለይ የፈለገውን አገኘ። ከመንደሩ ማዶ የሚመጣ ድምፅ የለም። አሮጊቶቹ በመንገድ ላይ ለደምለው የሚሉት ነገር የለም። ለጥቂት ጊዜ እህል በላ፣ እንቅልፍም ተኛ። ከዚያ ግን ቅናቱ መልኩን ለውጦ መጣ። ደምለው ከእርሻ ሲመለስ እንደ ድሮው በደጁ ያልፋል፣ እንደ ድሮው ቆሞ ሰላም ይለዋል፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል። ፊቱ ላይ ቂም የለም። አንለይ አሁን በዚያ ቀና። «ሁሉን ወስጄበት እንኳ ከኔ የሚሻል ነገር እንዴት ቀረው?» እያለ ይብሰለሰላል። ቅናት ጠግቦ የማያውቅ እንግዳ ነው፤ ያቀረብክለትን በልቶ ቀጥሎ አስተናጋጁን ይበላል።

በዓመቱ ጥምቀት ደረሰ። በዚያ አገር ልማድ የአካባቢው አድባራት ታቦታቸውን ይዘው አንድ ወንዝ ዳር ይገናኛሉ፤ መዘምራኑም በየተራ ያሸበሽባሉ። የከተማዋ ሰዎች ከሩቅ ገበያ ያስመጡትን ከበሮ ይዘው ወርደው ነበር። ደህና ከበሮ ነበር፤ ማንም አልከፋውም፤ ማንም አልተደነቀም። ቀጥሎ ከወንዙ ማዶ የመጣች የአንዲት ትንሽ ደብር ተራ ሆነ። ከበሮዋ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከበሮ መቺው እጁን አነሣና መታ።

ሕዝቡ ወሬውን አቋረጠ። የሚሻማ፣ የሚጋፋ ሁሉ በያለበት ቆመ። ድምፁ ውኃው ላይ ሄዶ ተመልሶ መጣ። ሴቶች እልል አሉ፤ አንዳንድ ሽማግሌዎች እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አንለይ ጨርቁ የሸፈነውን ከበሮ ከመጀመሪያው ምት ለይቶታል። የጨው ነጋዴው ለትውልድ ደብሩ ስለት አድርጎ አግብቶት ነበር፤ ይህን በኋላ ነው ሰው የሰማው።

ቄሰ ገበዙ ሕዝቡን እየሰነጠቁ ወደ አንለይ መጡ። ፊታቸው በርቷል። ያን ከበሮ የሠራው ማን እንደሆነ እንዲያጣራ፣ ዋጋውንም እንዲገምት፣ ከዚያው እጅ ሌላ ሊያሠሩ እንደሚፈልጉ ነገሩት። ደምለው ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ እዚያው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ቃላቸውን ሰማ። ጥቂት አመነታና ወደ ወዳጁ ጠጋ አለ።

«እንዳትስቅብኝ እንጂ» አለው በዝግታ፣ «ድምፁ የኔን ከበሮ ይመስላል። ግን ሊሆን አይችልም። የኔ የታፈነ ነው ብለኸኛል።»

አንለይ ያን ሲሰማ አንድ ሰው የገዛ እጁን ሥራ፣ በገዛ ጆሮው እየሰማ፣ የሱን ቃል አምኖ ሲክድ አየ። ከበሮውን በርካሽ ማስሸጡን ያውቅ ነበር። ሰውየውን ይህን ያህል ማርከሱን ግን እስከዚያች ቅጽበት አላወቀም። ዝም ቢል ማንም አይደርስበትም። ከወንዙ ማዶ ሄጄ ጠይቄ ነበር፣ ሠሪው ሞቷል ቢል የሚጠራጠረው አልነበረም። ደምለው ራሱ ያምነዋል።

«ያንተ ነው» አለ።

ገበዙ አልገባቸውም። አንለይ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ሰሙ።

«ይህ ከበሮ ደምለው የሠራው ነው። አምና እናንተ ፊት በጠቦት የተመንኩት ያው ከበሮ ነው። ያን ቀን ከሁላችሁ በላይ የሰማሁት እኔ ነበርኩ። እንከን የለበትም። ቀንቼ ነው።»

ገበዙ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። እንደሚቆጡት ጠብቆ ነበር፤ እሳቸው ግን በለሰለሰ ድምፅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ከዚያ በፊት የተመንከውስ፣ ልጄ?»

አንለይ ሌላው ሁሉ እውነት እንደነበር ማለላቸው። እውነትም ነበር። ግን በምን ያረጋግጣል? እስከዚያ ቀን ድረስ ማረጋገጫው የሱ ቃል ነበር። ሕዝቡ መሐል ሰዎች የየራሳቸውን ማስታወስ ጀመሩ። የአባቱን ቤት ለወንድሙ የለቀቀው፣ በቅሎውን የሸጠው፣ የእናቷን ጌጥ የለወጠችው፣ ሁሉም በልባቸው ወደ ኋላ ሄዱ። አንድ ከበሮ ላይ የዋሸው ቃል ሺህ እውነት ይዞ ጠፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ «አንለይ ይምጣ» ያለ ሰው አልነበረም።

ደምለው በዚያን ጊዜ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ልጁን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ ተናገረ።

«ለጠቦቱ አልተቀየምኩህም። ሳጣም አልተቀየምኩህም። ግን ጆሮዬ እየነገረኝ፣ ካንተ ቃልና ከጆሮዬ ያንተን ቃል መርጬ ነበር። ያን እምነት መልስልኝ ብልህ ከየት ታመጣዋለህ?»

ደምለው ልጁን በእጁ ይዞ ሄደ።

የከተማዋ ሰዎች ደምለውን ይቅርታ ጠየቁት፤ ገበዙ ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሄዱ። እነሱም ቢሆኑ በገዛ ጆሯቸው ሰምተው በሰው ጆሮ መፍረዳቸውን አልደበቁም። ደምለው ወዲያው እሺ አላለም። መሣሪያዎቹ ጣራው ሥር እንደተሰቀሉ ክረምቱ አለፈ። ሲያወርዳቸውም መጀመሪያ የሠራው ለልጆች መጫወቻ የምትሆን ትንሽ ከበሮ ነበረች፤ ደጋግሞ መታት፣ ደጋግሞ አዳመጣት፣ ለማንም አላሰማትም። ጆሮውን እንደገና ማመን እየተለማመደ ነበር።

አንለይ ሥራውን ካጣ በኋላ ከገበያው ጥግ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ መሸጥ ጀመረ። ትጓደድ አልተወችውም፤ ብዙም አላናገረችውም። አንድ ቀን ብቻ፣ ያን ሁሉ ዘመን ስትፈትል ከበሮውን እየሰማች ታስብ የነበረው እሱ ወጣት ሆኖ ከበሮ ለመሥራት ሲለፋ ያየችውን ዘመን እንደነበር ነገረችው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ደምለው ለቤተ ክርስቲያኑ ትልቁን ከበሮ ጀመረ። እርጥብ ቆዳ በትልቅ ግንድ ላይ ሲወጠር የሁለት ሰው ጉልበት ይጠይቃል፤ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይይዛል። የያዘው ሰው ካላላ ቆዳው ይረግባል፣ ድምፁም ይበላሻል። በመንደሩ ጎበዝ ሞልቶ ነበር። ደምለው ግን ወደ ገበያው ጥግ መጣ፤ ሽንኩርቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ አንለይን ቆዳ እንዲይዝለት ጠየቀው።

አንለይ ተነሥቶ ተከተለው። ቀኑን ሙሉ ሠሩ። ስለ ዋጋ አላወሩም። ጠፍሩ ሲጠብቅ ቆዳው ቀስ በቀስ ድምፅ ማውጣት ጀመረ፤ ያን ጊዜ አንለይ ውስጥ ያ አሮጌ ነገር ተንቀሳቀሰ። አልሞተም ነበር። «መጣህ?» አለው በልቡ፣ እንደሚያውቀው ሰው። እጁን ግን አላላላም፤ ይልቅ አጥብቆ ያዘ።

ወዳጆቼ፣ «ዋጋ መስጠት» የምንለው ነገር ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ይህ ነገር ምን ያወጣል ብሎ መናገር ነው። ሌላው ያን ነገር ከልብ ማክበር ነው። በእንግሊዝኛም «ቫልዩ» የሚሉት ግስ አለ፤ ቤት ሲገመትም ወዳጅ ሲከበርም ያንኑ አንድ ቃል ይጠቀማሉ። አንደበት ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራቸው በከንቱ አይመስልም፤ ማክበር ያቃተው ልብ ሲተምን የሚናገረው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ራሱ ሕመም ነውና። ቅናት ሁላችንንም ይጎበኛል፤ መምጣቱን መከልከል አንችል ይሆናል። በአፋችን እንዲተምን መፍቀድ አለመፍቀድ ግን የኛ ነው።

በቅርቡ አንድ ሰው ሥራውን አሳይቶዎት «እስቲ እንዴት ነው?» ብሎ ነበር። ምናልባት ከገዛ ጆሮው ይልቅ የእርስዎን ቃል የሚያምን ሰው ነው። ያን ቀን «ያን ያህልም አይደለም» ያሉት እርስዎ ነበሩ ወይስ ቅናትዎ?